አውሮፕላኑ መንገዱን ቀይሮ ጣሪያችሁ ላይ ሲመጣ፦ ከማጉረምረም ወደ አቤቱታ

በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በፖቶማክ ወንዝ ግራና ቀኝ ለምትኖሩ ችግሩን መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቤቱን ስትከራዩ ሰማዩ ዝም ያለ ነበር። ከዚያ አንድ ሰሞን በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ አውሮፕላን፣ ያውም ሁልጊዜ በዚያችው መስመር፣ ጣሪያውን ታክኮ የሚሄድ እስኪመስል ድረስ ማለፍ ጀመረ። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛው እንቅልፍ አጣ። አገር ቤት የሚደውለው በየመሀሉ «ቆይ፣ አውሮፕላኑ ይለፍ» ማለት ለመደ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዋናነት የዋሽንግተንን አካባቢ ይዞ ነው። ሕጉ ግን የፌዴራል ስለሆነ ዳላስም ሲያትልም ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። በዚህ ጉዳይ ቀን የቆጠረና ወረቀት የያዘ ሰው ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው፤ ስለዚህ ቀኑና ወረቀቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ የተቀየረው ምን እንደሆነ ለዩ

አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። በዋሽንግተኑ ኤርፖርት በሬገን ናሽናል ላይ ነፋሱ ከሰሜን ሲሆን አውሮፕላኖች ከደቡብ በአሌክሳንድሪያ በኩል መጥተው ያርፋሉ፤ የሚነሱት ደግሞ ወደ ሰሜን፣ በሮዝሊንና በጆርጅታውን በኩል ነው። ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የበረታ ጩኸት የአየር ጠባይ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ማኮብኮቢያ ሲጠገንም ትራፊኩ ለጊዜው ይዛወራል። በሁለቱም ላይ ዘመቻ ብትከፍቱ ጉልበታችሁን ትጨርሳላችሁ።

ነፋሱ ከየትም ቢመጣ አውሮፕላኖቹ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ጠባብ መስመር ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ግን መንገዱ ራሱ ተቀይሯል። መነሻው ኔክስትጄን የሚባለው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ማለትም የኤፍኤኤ፣ የማዘመን ሥራ ነው። ድሮ ተቆጣጣሪዎች ራዳር እያዩ እያንዳንዱን አውሮፕላን በቃል ይመሩት ስለነበር የበረራው መስመር እንደ ማራገቢያ ይበተን ነበር። አሁን አውሮፕላኑ በሳተላይት እየተመራ በካርታ ላይ ከተተከሉ ነጥቦች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የዛሬውም የነገውም በዚያው መስመር ያልፋል። ነዳጅና ጊዜ ይቆጥባል። ቀድሞ አሥር ሰፈር ተካፍሎት የነበረውን ድምፅ ግን አንድ ሰፈር ብቻውን ይሸከማል።

ለመለየት ፍላይትራዳር24 ወይም ዌብትራክ ላይ ገብታችሁ ቢያንስ ሦስት የሰሜን ነፋስና ሦስት የደቡብ ነፋስ ቀን ተመልከቱ። ዌብትራክ ብዙ ኤርፖርቶች ለሕዝብ የከፈቱት የበረራ መከታተያ ሲሆን ያለፈውንም መልሶ ያሳያል። መስመሮቹ ተደራርበው አንድ ወፍራም ክር ከሠሩ መልሱን አገኛችሁ። ምስሉን አስቀሩት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ለማን ነው አቤት የሚባለው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአየር መንገዱ ይጽፋል፤ አየር መንገዱ መስመሩን አልመረጠም። ለካውንቲው ይጮሃል፤ ካውንቲው ሰማይ ላይ ሥልጣን የለውም። በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያዋ የበርባንክ ከተማ በኤርፖርቷ ላይ ያወጣችውን የሌሊት ሰዓት እላፊ ሽሮታል፤ የአየር ክልል የፌዴራል መንግሥት ነው ብሎ። በ1990 የወጣው የኤርፖርት ድምፅ ሕግ ደግሞ ኤርፖርቶች ራሳቸው አዲስ ገደብ ለመጣል ያለባቸውን መንገድ ይበልጥ አጠበበው። መስመር የሚያወጣውም የሚለውጠውም ኤፍኤኤ ነው።

ያም ሆኖ ኤርፖርቱን አትለፉት። አቤቱታ የሚመዘግበው፣ የድምፅ መለኪያ ያቆመውና የመነጋገሪያ መድረኩን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ሬገን ናሽናል ከድሮ ጀምሮ የሌሊት የድምፅ ደንብ አለው፦ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተወሰነ የዴሲቤል መጠን በላይ የሚጮህ አውሮፕላን መነሳትም ማረፍም አይፈቀድለትም። እኩለ ሌሊት ላይ በጣም የሚጮህ አውሮፕላን ከሰማችሁ የምታመለክቱት በዚህ ደንብ ነው፤ ከመስመር ጉዳይ የተለየ ክርክር ስለሆነ በአንድ ደብዳቤ አትቀላቅሏቸው።

ስድሳው ቀን

የኤፍኤኤን ውሳኔ በፍርድ ቤት ለመቃወም የሚፈልግ ሰው ውሳኔው በወጣ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማስገባት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚቀበሉት «በቂ ምክንያት» ካለ ብቻ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው በወረቀት ከወጣበት ጊዜ ነው፤ አውሮፕላኑን ጣሪያችሁ ላይ ከሰማችሁበት አይደለም። በሁለቱ መሀል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

የጆርጅታውን ነዋሪዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው። ኤፍኤኤ የዋሽንግተንን አዲስ መስመሮች የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ዘግቶ ያጸደቀው በዲሴምበር 2013 ነበር። ነዋሪዎቹ ክስ የመሠረቱት በኦገስት 2015 ሆነ፤ ፍርድ ቤቱም በ2018 ጊዜው አልፏል ብሎ ፋይሉን ዘጋው። የሜሪላንድ ግዛት፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያላት ግዛት፣ ቆይታ ብትከስ በ2020 ያው መልስ ተሰጣት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ፊኒክስ ግን ተሳካላት። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2014 ኤፍኤኤ ከከተማዋ ኤርፖርት ከስካይ ሃርበር የሚነሱትን አውሮፕላኖች በታሪካዊ ሰፈሮች ላይ አዞራቸው። ከተማዋና ነዋሪዎቹ የከሰሱት 60 ቀኑ ካለፈ ከወራት በኋላ ቢሆንም፣ ፍርድ ቤቱ ኤፍኤኤ በዚያ ጊዜ ሁሉ «እያየነው ነው፣ እናስተካክላለን» እያለ አዘናግቷቸዋል ብሎ መዘግየቱን ተቀበለ። በኦገስት 29 ቀን 2017 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። ከከተማዋ ጋር በቂ ምክክር አለመደረጉ ጥፋት ተብሎ ተቆጠረ። በ2018 ወደ ምዕራብ የሚነሱት መስመሮች ወደ ቀድሞው ተጠጉ።

ከሦስቱ ጉዳይ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ስብሰባ ላይ «ንግግር ላይ ነን» ቢሏችሁ ስሙ፣ ቁጠሩም። የፊኒክስን ዕድል ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም፤ ጆርጅታውንና ሜሪላንድም እንደ ፊኒክስ ይደረግልናል ብለው ነበር።

ውሳኔውን ቀድሞ ለማየት ኤፍኤኤ የመሣሪያ በረራ ሥርዓቶችን የሚያወጣበት አይኤፍፒ ጌትዌይ የሚባል ገጽ አለ። የኤርፖርታችሁን ኮድ፣ ዲሲኤ (ሬገን) ወይም ቢደብሊውአይ (ባልቲሞር) ወይም አይኤዲ (ደለስ)፣ ስታስገቡ በዝግጅት ላይ ያሉ መስመሮችና የታሰበላቸው የመውጫ ቀን ይታያል። የበረራ ካርታዎች የሚታደሱት በየ28 ቀኑ ስለሆነ ከሰፈሩ አንድ ሰው በወር አንዴ ገብቶ እንዲያይ መድቡ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የታክስ ወረቀት የማይሰለቸው ሰው አይጠፋም፣ ለእሱ ስጡት።

ወረቀቱን በእጃችሁ አስገቡ

በ2012 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ምክንያት ብዙዎቹ የሳተላይት መስመሮች ሙሉ የአካባቢ ጥናት ሳይደረግባቸው ያልፋሉ። ጥናት አያስፈልጋቸውም የተባለበት አጭር ሰነድ ግን ይኖራል። በመረጃ ነፃነት ሕግ፣ ፎያ በሚባለው፣ ለኤፍኤኤ ጽፋችሁ ጠይቁት። መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ በተግባር ይዘገያል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ላኩ። የመስመሩን ስም ወይም ኮድ፣ የመጀመሪያውን የአካባቢ ግምገማ፣ የድምፅ ስሌቱን፣ ከኤርፖርቱ ጋር የተደረገውን ደብዳቤ መለዋወጥ ጠይቁ። «ስለ ድምፅ ያላችሁን ሁሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ዓመት ትጠብቃላችሁ።

መዝገብ መያዝ

«በጣም ይጮሃል» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንንም አያነቃንቅም። በሠንጠረዥ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የበረራ ቁጥር፣ ከፍታ፣ አቅጣጫና የተቋረጠው ነገር ይግባ። የተቋረጠው ነገር ሲባል «ሕፃኑ ነቃ»፣ «የስልክ ንግግር ቆመ» ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር አትጻፉ። «ማታ 4 ሰዓት» ብላችሁ የመዘገባችሁት በረራ በእነሱ ራዳር 10 ፒኤም ላይ ነው ያለው፤ የማይገጥም አቤቱታ ደግሞ «በዚያ ሰዓት በረራ አልነበረም» በሚል መልስ ይዘጋል። እናቶች የያዙትን መዝገብ ከመላካችሁ በፊት አንዴ እዩት።

ለመለኪያ አይፎን ያለው ሰው የኒዮሽን የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ በነፃ ማውረድ ይችላል፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም የሠራው ነው። በረንዳ ላይ፣ ከግድግዳና ከኤሲ ራቅ ብላችሁ፣ መጀመሪያ አውሮፕላን በሌለበት ጊዜ ለኩ፤ ከዚያ በሚያልፍበት ጊዜ። ልዩነቱ ነው የሚናገረው። ኤፍኤኤ የስልክ ልኬት ማስረጃ ብሎ አይቀበልም፣ ውሳኔውን የሚመሠርተው በኮምፒውተር ስሌት ላይ ነው። ልኬታችሁ የሚጠቅመው ኤርፖርቱ ተንቀሳቃሽ መለኪያ ሰፈራችሁ እንዲያቆም ለመጠየቅ ነው።

65 የምትባለው ቁጥር

ስብሰባ ላይ የምትሰሙት መከላከያ ሁሉ እዚህ ቁጥር ላይ ያርፋል። ዲኤንኤል የሚባለው መለኪያ የ24 ሰዓቱን ድምፅ በአማካይ ያወጣል። ከምሽቱ 10 እስከ ጠዋቱ 7 ባለው ጊዜ ለሚያልፍ በረራ 10 ዴሲቤል ይጨምርበታል፤ ይህም አንዱን የሌሊት አውሮፕላን እንደ አሥር የቀን አውሮፕላን መቁጠር ነው። በዚህ ስሌት ከ65 በታች የሆነ ሰፈር «ከፍተኛ ተፅዕኖ የለበትም» ይባላል።

ቁጥሩን በእጃችሁ አስሉት። አንድ አውሮፕላን ሲያልፍ የጠቅላላ ድምፁ ጉልበት 85 ዴሲቤል ቢሆን፣ ያም የበረንዳ ወሬ የሚያቋርጥ ነው፣ በቀን መቶ ቢያልፉ ዲኤንኤሉ 55 ተኩል ገደማ ነው የሚመጣው። 65 ለመድረስ ወደ 864 የቀን በረራ ያስፈልጋል። መቶ ጊዜ ንግግር የተቋረጠበት ቤት በወረቀት ላይ ጸጥ ያለ ቤት ነው ማለት ነው። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛው ጎረቤታችሁ ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ የእሱ ሌሊት ለስሌቱ ቀን ነው።

መልስ አላችሁ። ኤፍኤኤ ራሱ በ20 ኤርፖርቶች ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ጠይቆ ውጤቱን በ2021 አውጥቷል። በድሮው ቀመር 65 ላይ ክፉኛ የሚታወከው ሰው 12 በመቶ ግድም ነበር፤ በአዲሱ ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ጥናት ራሳቸው መሥሪያ ቤቱ ፊት አንሱባቸው። ከአማካዩ ጎን ለጎንም በቀን ስንት በረራ ከ65 ዴሲቤል በላይ እንደሚያልፍ የሚቆጥር መለኪያ እንዲቀርብ ጠይቁ።

አቤቱታ ሲበዛ

በ2015 ሬገን ናሽናል 8,760 የድምፅ አቤቱታ ደረሰው። ከእነዚህ 6,852ቱ ያስገቡት በአንድ ቤት ያሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሰዎቹ ሕመማቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያተረፉት ግን ቅሬታ የሚያሰማው ሁሉ ሥራ ፈት ነው ለሚል ሰው መሣሪያ ማቀበል ነው። አንድ ሰው መቶ ጊዜ ከሚደውል መቶ ቤት አንዳንድ ጊዜ ቢያመለክት ይሻላል። በአፓርታማችሁ መግቢያ ላይ፣ በእድር ስብሰባ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ ሰው ስልኩን አውጥቶ እዚያው ቅጹን እንዲሞላ አድርጉ።

አቤቱታ ለማቅረብ ዜግነትም ግሪን ካርድም አይጠየቅም፣ ተከራይም ባለቤትም እኩል ነው። ስማችሁና አድራሻችሁ የያዘ አቤቱታ ግን የሕዝብ መዝገብ ሊሆን እንደሚችል እወቁ።

ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተጠቃሚነት ሕግ አማርኛን ስለሚጨምር ከከተማው መሥሪያ ቤቶች ጋር በአስተርጓሚ መነጋገር መብታችሁ ነው። ኤርፖርቱ የከተማው መሥሪያ ቤት አይደለም። ሆኖም የሰፈራችሁ አማካሪ ኮሚሽን፣ ኤኤንሲ የሚባለው፣ የተመረጠ አካል ስለሆነ የውሳኔ ሐሳብ አውጥቶ ለኤፍኤኤና ለኮንግረስ መላክ ይችላል።

መድረኩ ላይ መቀመጥ

ኤፍኤኤ ከግለሰብ ጋር መስመር አይደራደርም። የሚያነጋግረው ራውንድቴብል የሚባለውን የማኅበረሰብ መድረክ ነው። ለሬገን ናሽናል ከ2015 ጀምሮ የድምፅ የሥራ ቡድን አለ፤ ለቢደብሊውአይ በ2017 የተቋቋመ ራውንድቴብል። ሰፈራችሁን የሚወክለው ማን እንደሆነ አጣሩ፣ ወኪል ከሌለ ካውንቲው እንዲሾም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ለሕዝብ አስተያየት የሚሰጠው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። እኛ ደግሞ ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና መግቢያውን ሳናበቃ ደቂቃው ያልቃል። ጥያቄውን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አስቀምጡት፦ «ይህችን ነጥብ ግማሽ ማይል ወደ ወንዙ እንድታዛውሩ እንጠይቃለን።» ሌላው በጽሑፍ ይግባ።

ምን ይጠየቃል? አንዲት ነጥብ ከቤቶች ላይ ወደ ወንዝ ወይም ወደ አውራ ጎዳና ማዛወር። ወደ ማረፊያው የሚወርዱት ቁልቁለቱን ዘግይተው እንዲጀምሩ ማድረግ፤ ይህ ግን የሚሠራው ራቅ ላለ ሰፈር ነው፣ አውሮፕላን በ3 ዲግሪ ስለሚወርድ ከማኮብኮቢያው 10 ማይል ላይ ወደ 3,000 ጫማ ግድም መሆኑ አይቀርም። በ2018ቱ የኤፍኤኤ ሕግ አንቀጽ 175 መሠረት በረራውን ወደ ጎን እንዲበትኑ ማጥናት። ይህን የሚጠይቀው ኤርፖርቱ ከመድረኩ ጋር ሆኖ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ መድረኩን ማሳመን አለባችሁ። የማይሆነውንም እወቁ፦ ከሬገን በስተሰሜን ዋይት ሃውስንና ናሽናል ሞልን የሚሸፍን የተከለከለ የአየር ክልል አለ፤ በእሱ ላይ ይዙሩ የሚል ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው የቀረውንም አይሰሙትም።

ስለ ጎረቤት ሰፈርም አስቡ። ቦስተን ላይ ኤርፖርቱና ኤፍኤኤ በ2016 ተስማምተው ኤምአይቲን አስጠኑ። ጥናቱ ሐሳቦቹን ለሁለት ከፈላቸው፦ ማንንም ሳይጎዱ ድምፅ የሚቀንሱትን በአንድ ወገን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩትን በሌላ ወገን። የመጀመሪያዎቹ በቶሎ ተንቀሳቀሱ። «ከእኛ ላይ አንሱት» ብላችሁ ከመጣችሁ የሚቀጥለው ሰፈር ተነስቶ ይቃወማችኋል፣ ኤፍኤኤም «ተስማምታችሁ ኑ» ብሎ ይሄዳል። የወንዙ ማዶ ሰዎችን ከስብሰባው በፊት አግኟቸው።

ኮንግረስና ፍርድ ቤት

ለኮንግረስ አባላችሁ ቢሮ ስትደውሉ የቢሮውን የነዋሪዎች ጉዳይ ሠራተኛ ጠይቁ። ኮንግረስ ውስጥ ኳየት ስካይስ ኮከስ የሚባል የድምፅ ጉዳይ ቡድን አለ፤ አባላችሁ ከሌለበት እንዲገባ ጠይቁ። ከቢሮው የሚወጣ አንድ ደብዳቤ የእናንተን አሥር ደብዳቤ ያህል መልስ ያስገኛል። ኮንግረስ ግን ሁለት ፊት አለው፦ በ2024ቱ የአቪዬሽን ሕግ በሬገን ናሽናል ላይ አምስት ተጨማሪ የደርሶ መልስ በረራ የፈቀደው እሱው ነው፣ የአካባቢው ተወካዮች እየተቃወሙ።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፣ ውድም ነው። ካውንቲው ወይም ከተማው ከሳሽ ካልሆነ ለነዋሪ ማኅበር ይከብዳል። በሜይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዩታ የባቡር ሐዲድ ጉዳይ ዳኞች የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራውን የአካባቢ ጥናት በሰፊው እንዲያከብሩ ስለወሰነ፣ በጥናቱ ጉድለት ላይ ብቻ የተመሠረተ ክስ ከፊኒክስ ዘመን ይልቅ ጠባብ ሆኗል። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2021 አሸንፋ እንኳ መስመሮቹ ባሉበት ነው የቀሩት። ጠበቃ የምታማክሩ ከሆነ በ60ው ቀን ውስጥ፣ ፎያው ሳይመጣም ቢሆን ሂዱ።

እስከዚያ ድረስ ቤታችሁስ? በመንግሥት ገንዘብ የሚደረገው የመስኮት ቅየራ በመሠረቱ ዲኤንኤሉ 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤት ስለሆነ በመስመር ለውጥ የተጎዳ ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ አይደርሰውም። የመኝታ ቤቱን መስኮት ዳርቻ በጎማ ማሸግ፣ ከቻላችሁ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት መጨመር ብዙ ገንዘብ ሳይፈጅ ልዩነት ያመጣል። ድምፅ የሚገባው አየር በሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ በክረምት ብርድ የሚያስገባውን ስንጥቅ ፈልጉት።